ራጅ ያላየው

ሁለት ጊዜ ራጅ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜ «ንጹሕ» አሉት።
አጥንቱ ነጭ፣ ሥጋው ጉም ነው፤ ሌላ ነገር አላዩበት።
ብረት ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ጠጠር ቢሆን ይታይ ነበር፤
እንጨት ግን ከራጅ ይሸሸጋል፣ ሥጋ መስሎ ከሥጋ ሲያድር።

ኤይኖ ላይቲነን ጀልባ ሠሪ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ፣
እዚሁ ተንደር ቤይ ወደብ ላይ ልደቱም እድገቱ።
በነሐሴ፣ ዝናብ ካረጠበው መወጣጫ ላይ እግሩ ከዳው፤
የዝግባውን አጥር ጨበጠ፤ አጥሩም መልሶ ጨበጠው።

ከዚያ ወዲህ፣ እስከ የካቲት፣
ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ፣ ሦስት ዙር እብጠት።
አውራ ጣቱ መዶሻ አይጨብጥ፣ ቁልፍ አይቆልፍ፤
እንደ እንግዳ ቆሞ ቀረ ከገዛ መዳፉ ደጃፍ።

ሴት ልጁ ሄልሚ ደከማት።
«አባዬ፣» አለችው፣ «ሐኪሞቹ የለም ካሉ የለም ነው፤
የሚያምህ እጅህ አይደለም፤ እማዬ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ነው።»
እሱም ዝም አለ። ዝምታውም ያብጥ ጀመር እንደ መዳፉ።

እኔ ምድር ቤት ነው የምሠራው፣ መስኮት ከሌለው ክፍል፤
ሥራዬ ድምፅ መላክ ነው፣ ልኮም መልሱን መቀበል።
ሰው የማይሰማው ድምፅ፣ ውሻ እንኳ ቀና የማይልለት፤
ቆዳን አልፎ ገደል ሲያገኝ ማሚቶ ሆኖ የሚመጣ በቅጽበት።

ቀዝቃዛውን ቅባት ሳፈስ «ይቅርታ» አልኩት እንደ ልማዴ።
«ደጁ ይብሳል» አለኝ። እውነቱን ነው፤
ሠላሳ ከዜሮ በታች፤ ወደቡ ደድሮ ብረት ነው።

ከዚያ ታየ።
አንዲት ነጭ ሰረዝ፣ አግድም፣ ጸሐፊ የዘነጋት ጭረት፤
ከሥሯ ጥላ ወርዷል፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ እንደ ገመድ ውኃ ልክ የሰቀሉበት።
አጥንትም ጥላ አለው፤ የአጥንትን አድራሻ ግን አውቃለሁ፤
ይሄኛው አድራሻ የለውም። ስክሪኑን ወደ ኤይኖ አዞርኩ፦ «ይኸው፣ አየሁ።»
ረጅም ጊዜ አፈጠጠ። «እብድ አይደለሁም ማለት ነው?»
«አይደሉም» አልኩ። «አንድ ነጥብ ስምንት ሳንቲሜትር ነው።»

ዶክተር ቻውላ ገባች፣ ጓንቷን እያጠለቀች፤
«አንቺ ምሪኝ፤ እኔ ዛሬ ዕውር ነኝ» አለች።
እሾህን በእሾህ ይላሉ። እኛ በድምፅ ገባንበት።
መርፌዋ ስክሪኑ ላይ ነጭ ክር ሆና ተዘረጋች፤ «ወደ ግራ። ጥቂት።
አይ፣ አለፍሽው። ተመለሽ። እዚያ ጅማት አለ፤ ተጠንቀቂለት።»
ማደንዘዣው በዙሪያው ኩሬ ሠራ፤
ስንጥሩ ከሥጋው ተላቆ እንደ ታንኳ ተንሳፈፈ፣
ጀልባ ሠሪው መዳፍ ውስጥ ቀዘፈ።

ሁለቴ ነከሰ መቆንጠጫው፣ ሁለቴ ሳተ።
በሦስተኛው ጥላው ከነሥሩ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ፤
ግራጫ ሥጋ ብቻ ቀረ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ የተኛ።

ከክብሪት እንጨት ግማሽ አይሞላም። «ይሄ ነው?» አለ አፍሮ፤
«ይሄ ነው ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ?»
አስጠግቶ አሸተተው። ዝግባ ነበር። አሁን ምንም አይሸትም።

ሄልሚ ከኮሪደሩ ገብታ ዕቃዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።
እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደ ቀልድ ነገር፦
«ይህችን ልጅ መጀመሪያ ያየኋት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነበር።
ሐኪሙ ጣቱን ቀስሮ "ይህቻትና" ሲለኝ፣ ጭንቅላቷን ሲያሳየኝ፣
እኔ ያየሁት ጉም ብቻ ነው።
ግን አመንኩ።»

ምንም አላለችም። ብልቃጡን አንሥታ ወደ መብራቱ ያዘችው፤
አስቀመጠችው። ኮቱን አመጣች፤
የታሸገውን እጅ በእጅጌው ቀስ ብላ አሳለፈች፣
ከታች ጀምራ ቆለፈችለት። አንዱን ቁልፍ ዘለለች፤
ኮቱ እስከ አንገቱ ተዛባ።

አይቷል። አልነገራትም።